ለልጄ የክራር አስተማሪ ስመርጥ ምኑን ልይ?

የሮቢቷ እናት — ሰኞ ማታ 2፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነኝ፣ ሮቢት። የ11 ዓመት ልጅ አለችኝ። ክራር ካልተማርኩ ብላ ቤቱን ቀውጢ አድርጋዋለች። አባቷ መጀመሪያ "አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?" ብሎኝ ነበር። አሁን እሺ ብሏል፤ ፊቱ ግን ገና አልተፈታም።

ሁለት ሰው ተጠቁሞኛል። አንደኛው በመድረክ የታወቀ ነው። ሰርግ ካለ እሱ አለ፤ ሲጫወት አፍ ያስከፍታል። ሁለተኛው ትምህርት ቤት የሚያስተምር ዝምተኛ ሰውዬ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ያስተማራቸውን ልጆች ግን በትምህርት ቤት በዓል ላይ ሰምቻቸዋለሁ፣ ጎበዞች ናቸው። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም።

ስለ ሙዚቃ የማውቀው መስማት ብቻ ስለሆነ ችሎታቸውን ለክቼ መምረጥ አልችልም። ጥያቄዬ ስለ ጠባያቸው ነው። ጥሩ የሙዚቃ አስተማሪ ምን ዓይነት ሰው ነው? ያስተማራችሁም የተማራችሁም እስቲ በሉኝ።

የፒያሳ ልጅ — ሰኞ ማታ 2፡41

መድረክ ላይ ያለውን ያዢ። ራሱ በደንብ የማይጫወት ሰው ምን ሊያስተምር ነው?

ክራር በሐይቅ — ሰኞ ማታ 3፡30

የፒያሳ ልጅ፣ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። የሚያስተምረውን አጥርቶ የማያውቅ ሰው ልጅ ያበላሻል። ጆሮው የተንሻፈፈ አስተማሪ ያንኑ ጆሮ ነው የሚያወርሰው። ከዚያ ወዲያ ግን መጫወት ሌላ፣ ማስተማር ሌላ። በጣም የተካነ ሰው አንዳንዴ እንዴት እንደተማረው ራሱ ረስቶታል። "እይኝ፣ እንዲህ ነው" ይላል፤ ጣቶቹ ይበርራሉ፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ይቀራል።

እህቴ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምራለሁ። ድሮ ሥነ ውበት እንለው በነበረው፣ አሁን ክወናና ዕይታ ጥበባት በሆነው ክፍለ ጊዜ ነው የምገባው። አንድ ነገር ብቻ ልይ ካልሽ ይህን እዪ፦ ልጅሽ ስትጫወት ሰውየው ምን ያደርጋል? የራሱን ክራር አንስቶ አብሯት የሚደረድር ከሆነ እየሰማት አይደለም። ስልኩን የሚነካካ ከሆነማ ነገሩ አልቋል።

ምሳሌ ልስጥሽ። ትዝታ የሚባለውን ቅኝት፣ ማለትም የአውታሮቹን የድምፅ አሰላለፍ፣ ከሜጀር ወደ ማይነር ለመለወጥ ሁለት አውታር ብቻ ነው የሚነካው። ቅኝቱ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ከሆነ፣ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ይህን ለልጅ በሁለት መንገድ ማስተማር ይቻላል። አንዱ፣ አስተማሪው ክራሩን ተቀብሎ በደቂቃ ቃኝቶ መመለስ ነው። ሌላው፣ መቃኛውን ልጅቷ ራሷ እንድታዞር መተው ነው። ታዞራለች፤ ከልክ በላይ ታላላዋለች፤ አውታሩ ያጉተመትማል። መልሳ ታጠብቃለች፤ አሁን ደግሞ ያልፍባታል። ጥሩ አስተማሪ በዚህ ጊዜ ድምፁን በአፉ ያንጎራጉርላታል እንጂ እጁን አይሰድድም። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ቀጣዩ ልጅ በር ላይ ቆሟል፣ እሱ ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል። ድንገት አውታሩ ቦታው ሲገባ የልጅቷን ፊት ብታዪው! ያን ቀን ጆሮ ታወጣለች።

ትዕግስት ትዕግስት ሲሉ ብዙ ሰው አለመቆጣት ይመስለዋል። እኔ ትዕግስት የምለው ይህን ነው፤ መሥራት የምትችለውን ነገር ልጁ እስኪሠራው ድረስ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ። ከባድ ነው ወላሂ።

ዋድላ — ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ክራር በሐይቅ ጥሩ ብሏል፤ ግን ነገሩን ትንሽ አለሰለሰው። እኔ ያደግኩት ዜማ ቤት ነው። እዚያ ማላላት የለም። ተማሪው ቃሉን ይቀበላል፣ ይደግማል፣ ይደግማል። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ተኝተዋል ስትል አንዲት ድምፅ ካለቦታዋ የወደቀች እንደሆነ ወዲያው ከፍ ብለው ያርማሉ። ስድስትና ሰባት ተማሪ በየፊናው እያዜመ ማን የት እንደሳተ ያውቁታል። ሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ ግዕዙ፣ ዕዝሉ፣ አራራዩ ሁሉ በደማቸው ነው። አንዲት ስህተት ካለፈች ነገ ትምህርት ሆና ትቀጥላለች፤ ስለዚህ አያሳልፉም።

አሁን የማየው "በርታ፣ ጎበዝ" ማብዛት ነው። ልጁ ከቅኝት ወጥቶ ሲጮህ ይጨበጨብለታል። ይህ ፍቅር አይደለም። ጥሩ አስተማሪ ጥብቅ ነው።

የባቲ ልጅ — ማክሰኞ ጠዋት 3፡05

ዋድላ፣ በጥብቅነቱ እስማማለሁ። ግን የራሳችሁን የቅዱስ ያሬድን ታሪክ አስታውስ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ቢሆንም ወሎ ተወልዶ ይህን ያልሰማ የለም። ሕፃኑ ትምህርት አልገባው ሲል አጎቱ ጌዴዎን ገረፉት፤ ሸሽቶ ጠፋ። ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ትሏ እየወደቀች ስትወጣ፣ በሰባተኛው ሲሳካላት አየ ይባላል። ወደ ትምህርቱ የመለሰው ምኑ ነው? ግርፋቱ ነው ወይስ ትሏ?

በኛም በኩል መንዙማ የሚማረው በመቀበል ነው። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል። ልጅ ሆነን ከኋላ ተቀምጠን ነበር የምንቀበለው። ስንሳሳት ለብቻ ነጥሎ ያሳፈረን ሰው አልነበረም፤ የብዙኃኑ ድምፅ ይሸፍነናል። ቀስ እያልን ጆሯችን ይይዛል። ጥሩ አውጪ ግን ዓይኑ ተቀባዩ ላይ ነው። ተቀባዩ ከደከመ ያሳጥራል፤ ከሞቀ ይደግማል። የራሱን ድምፅ ማሳመር ብቻ የሚያስብ አውጪ ሐድራውን፣ የመንዙማውን ጉባኤ፣ ያቀዘቅዘዋል።

እህታለም፣ አንቺም እንደዚያ እዪው። ሰውየው ዓይኑ የራሱ ጣት ላይ ነው ወይስ ልጅሽ ላይ?

ዋድላ — ማክሰኞ ጠዋት 3፡22

አቦ ያሬድን አምጥተህ አፌን አስያዝከኝ። ይሁን። ዱላ አላልኩም ግን፤ ጥብቅ ነው ያልኩት። ሁለቱ ይለያያሉ።

ዋሽንቷ — ማክሰኞ ከሰዓት 8፡40

ወንዶቹ ስለ ጆሮና ስለ ቅኝት ጨርሳችሁታል። እኔ ሴት ልጅ ሆኖ ስለመማር ልናገር፤ ጠያቂዋም የሴት ልጅ እናት ናት።

መጀመሪያ፣ ትምህርቱ የት ነው? በሩ ክፍት ነው? ሌላ ሰው በቤቱ አለ? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። በዚህ ጥያቄ የሚቀየም አስተማሪ ካለ እዚያው ተሰናበቺው። ጥሩው ሰው ራሱ ቀድሞ "እናቷ ትቀመጥ" ይላል።

ሁለተኛ፣ ክራርም ዋሽንትም ሲያስተምሩ እጅ ይታረማል። ዋሽንት ላይ አራቱን ቀዳዳ በጣት ጫፍ ሳይሆን በጣቱ ሥጋ እንድትደፍኚ ማሳየት አለበት። ያስተማረኝ ሰው መጀመሪያ በራሱ ዋሽንት ያሳየኛል። ካልገባኝ "ጣትሽን ላስተካክል?" ብሎ ይጠይቃል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። እኔ ግን ያን ጥያቄ ስሰማ ነው ትከሻዬ የሚወርደው። ትከሻዋ የተሰቀለ ልጅ ደግሞ ትንፋሽ የላትም፤ ትንፋሽ የሌላት ልጅ ዋሽንት አትነፋም።

ሦስተኛ፣ የአባትየው ነገር። እኛም ቤት "አዝማሪ" የሚለው ቃል ነበር። ሰው በሰርጉ ላይ አዝማሪ ይጠራል፣ ይሸልማል፣ ያለቅሳል፤ ልጁ ስትሆን ግን ይከፋዋል። አስተማሪዬ ምን አደረገ? አልተከራከረም። እሁድ መጥቶ ከአያቴ ጋር ቡና ጠጣ። አያቴ በወጣትነታቸው የሚያውቁትን የእረኛ ዜማ ጠየቃቸው። አንጎራጎሩለት። ዋሽንቱን አውጥቶ ተከተላቸው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ማን ቃል ይተንፍስ! ስለዚህ የሙዚቃ አስተማሪ ሰው መሆን አለበት፤ ቤተሰብ አክብሮ መግባት የሚያውቅ።

የሮቢቷ እናት — ማክሰኞ ማታ 1፡50

ዋሽንቷ፣ ተባረኪ። የአባቷን ነገር እንዴት አወቅሽው! ቡናውን እኔም አስቤበታለሁ።

ኮምቦልቻ 13 — ማክሰኞ ማታ 2፡30

ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ። አስተማሪ ለምን?

ክራር በሐይቅ — ማክሰኞ ማታ 2፡44

ዩቲዩብ ልጅቷን አይሰማትም። አለቀ።

ጋሽ ኪነት — ማክሰኞ ማታ 4፡10

ልጆቼ፣ የመድረኩን ሰው በሌለበት አትስቀሉት። እኔም የመድረክ ሰው ነበርኩ፣ በደርግ ጊዜ በኪነት። ያኔ የሙዚቃ ኖታ የሚያነብ ከመካከላችን በጣት የሚቆጠር ነበር። ግን ተማርን። አንዱ ለአንዱ አቀበለ። ልምምድ ላይ ማሲንቆ የሚመታ ታላቃችን ነበር፤ እጁ ወርቅ ነው። ግን ማንም እንዳይቀዳው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚቃኘው! ሌላው ደግሞ እጁ ከሱ ያነሰ ነው፤ ግን ያወቃትን ሁሉ ለማንም ይሰጣል። "ነገ እኔ ብታመም ማን ይጫወታል?" ይል ነበር። አምባሰልን የተማርነው ከሱ ነው። የአምባሰል ቅኝት አንቺሆዬ የሚባለውን ሌላ ቅኝት እንዳይሆንብን ሁለቱን እያፈራረቀ ያሰማን ነበር። ሁለቱም ዶን ይዘው ሬን ግማሽ ያወርዳሉ፣ ፋም አለ፤ ከዚያ ነው የሚለያዩት። ጀማሪ እዚያ መንታ መንገድ ላይ ይጠፋል።

ስለዚህ ከመድረክ ነው ከትምህርት ቤት ነው አትበሉ። ቆጣቢ ነው ወይስ ለጋስ ነው በሉ። የሙያ ንፉግ አስተማሪ አይሆንም።

በበገናውም ዓለሙ አጋን ተመልከቱ። በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተማሩ፤ ኋላ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው እሳቸውም አስተማሩ። ዓለም የሚያውቃቸው ደርዳሪም ናቸው፣ አቀባይም ናቸው። ሁለቱ በአንድ ሰው ሊገናኙ ይችላሉ።

አንድ ሌላ ነገር፤ የመድረኩን ሰው ስለ ጥር ጠይቂው። ጥር የሰርግ ወር ነው። "ጥር ላይ ልጄን ምን ታደርጋታለህ?" በይው። መልሱን ያኔ ታውቂዋለሽ።

የባቲ ልጅ — ማክሰኞ ማታ 4፡25

ጋሽዬ፣ አንቱ የጥርን ነገር ጨረሱት። ጥር ላይ እኛ ሰፈር ክራር አስተማሪ በስልክም አይገኝም።

ሸዋ በር — ረቡዕ ጠዋት 2፡00

ውጭ አገር ካሉትም ሁለት ሰው ልጨምር። ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ፣ ልጅ የእናቱን ቋንቋ እንዴት ይማራል ብሎ ተነሳ። ሰምቶ፣ ደጋግሞ፣ ተሳስቶ፣ ተመስግኖ። ኖታ ማንበብ ቆይቶ ይመጣል። ወላጅም ትምህርቱ ላይ ይቀመጣል፤ ቤት ውስጥ ልምምዱን የሚያግዘው እሱ ነውና። የሀንጋሪው ዞልታን ኮዳይ ደግሞ ልጁ ከመሣሪያ በፊት ይዝፈን፣ የሚዘፍነውም መጀመሪያ የአገሩን ዜማ ይሁን አለ።

ይህን ሳነብ ሳቄ ነው የመጣው። የኛ ሰው ሲያደርገው የኖረውን ነው እኮ! ግን ለጠያቂዋ የሚጠቅም ነገር አለው። አስተማሪው ልጅሽን ያስዘፍናታል? በአፏ ያልያዘችውን ዜማ በጣቷ ፈልጊ የሚላት ከሆነ ችኩል ነው። የቀዬውን ዜማ የሚንቅ ከሆነም ተጠንቀቂ። ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች የአገሯ ስም ናቸው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስትጫወት ሳትሰማ ያደገች የደሴ ልጅ እንዳትሆን።

ዋድላ — ረቡዕ ጠዋት 2፡31

ወላጅ ይቀመጥ የሚለውን ግን በልክ። አንዳንድ እናት ከአስተማሪው በላይ ታርማለች።

የሮቢቷ እናት — ረቡዕ ጠዋት 2፡35

ሰምቻለሁ 😄 ጥግ ይዤ ዝም እላለሁ።

የሮቢቷ እናት — እሁድ ማታ 1፡30

ሁለቱንም አየኋቸው። አንድ አንድ የሙከራ ትምህርት ሰጧት። እንደጠበቅኩት አልሆነም።

ዝምተኛው መምህር ቤቱ ንጹሕ፣ በሩ ክፍት፣ ሚስቱም እዚያው ቡና ታፈላለች። ክራሩ ቀድሞ ተቃኝቶ ጠበቀን። በሰዓቱ ጀመረ። አስተካክሎ አስረዳት፤ እኔ እንኳ ገባኝ። ግን ልጄ ግራኝ ናት። ይህን ሲያይ "ይህ መቀየር አለበት" አላት፤ ከዚያ በኋላ ልጄ ኩምሽሽ አለች። ክፉ ሰው አይደለም። እንደዚያ ስለተማረ ነው መሰለኝ።

የመድረኩ ሰውዬ ግማሽ ሰዓት አረፈደ። ስልኩም ሁለቴ ጮኸ። እንደገባ ግን "ምን ዘፈን ትወጃለሽ?" አላት። አፍራ ቀስ ብላ አንጎራጎረችለት። አላቋረጣትም፤ እስከ መጨረሻ ሰማት። ከዚያ ያንኑ ዜማ በሁለት አውታር ብቻ ፈልጊ አላትና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ግራኝነቷን ሲያይ "ቆይ፣ ክራሩን ገልብጠን እንሞክረው" አለ። ሞከሩ። አልተመቻትም፤ ሁለቱም ሳቁ፤ መልሰው አዞሩት። ክራር በሐይቅ ያልከው ሁሉ እሱ ላይ ነበር፤ ከመዘግየቱ በቀር። የጥርን ነገር ስጠይቀው ራሱን አከከና "እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥር ላይ አልገኝም" አለኝ።

አሁን ምን ላድርግ?

ክራር በሐይቅ — እሁድ ማታ 2፡05

መጀመሪያ ስለ ግራኝነቷ አብሽሪ። ክራር ላይ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ግራ እጅ ነው። በመምቻ ሲገረፍ ቀኝ እጅ ሁሉንም አውታር ይመታል፤ የማይፈለገውን አፍኖ የሚፈለገውን የሚለቅቀው የግራ እጅ ጣት ነው። በጣት ሲደረደርም ግራው ነው አውታሩ ላይ ያለው። ስለዚህ ክራሩ ሳይገለበጥ፣ እጇም ሳይቀየር፣ እንዳለች ትማር። ለሌላው ከባድ የሆነው ለእሷ ይቀላታል። ይህን ዝምተኛው መምህርም በደንብ ያውቀዋል፤ ምናልባት ስትጽፍ አይቶ ደንግጦ ይሆናል። ንገሪው፣ አይከፋውም።

ምርጫውን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን የመድረኩን ሰው እይዛለሁ። የሰዓት ነገር በንግግር ይስተካከላል። ልጅን የመስማት ነገር ግን በትልቅ ሰው ላይ ገና አሁን አይበቅልም።

ዋሽንቷ — እሁድ ማታ 2፡20

እኔ አልስማማም። ሳምንት በሳምንት በር ላይ ግማሽ ሰዓት የምትጠብቅ ልጅ በሦስተኛው ወር ትተወዋለች። ሰዓት ማክበርም ልጅን ማክበር ነው። የት ነው የሚያስተምራት? በሩስ?

የሮቢቷ እናት — እሁድ ማታ 2፡26

ዋሽንቷ፣ እኛው ቤት መጥቶ ነው። እኔም አባቷም አለን። አባቷ ዛሬ ሳሎን ጋዜጣ ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ገጽ ሲገልጥ አላየሁትም።

ጋሽ ኪነት — እሁድ ማታ 3፡00

"ጥር ላይ አልገኝም" ብሎ ፊት ለፊት ከነገረሽ ጥሩ ሰው ነው። ብዙው "ችግር የለም" ብሎ ነበር የሚጠፋው። እሱን ያዢ፤ ጥርን ከዝምተኛው ጋር ትማር። ሁለቱም ይወቁት፤ ተደባብቆ አይሁን። ልጅ ከሁለት ሰው ብትማር አትጎዳም፤ አንዱ የሌላውን ካላጣጣለ። ካጣጣለ ግን ያን ጊዜ የሚያጣጥለውን ተይው።

የሮቢቷ እናት — እሁድ ማታ 3፡15

እሺ ጋሽዬ፣ እንደሱ አደርጋለሁ። ዕድሜ ይስጥልኝ። ሌላ ጥያቄ፦ ለ11 ዓመት ልጅ የሚሆን ክራር ደሴ የት ይገኛል? አሁን የያዘችው የተውሶ ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ክንዷ ይደክማል።

የፒያሳ ልጅ — እሁድ ማታ 3፡19

ሰኞ ገበያ አካባቢ የባህል ዕቃ የሚሸጡ አሉ፤ ግን ብዙው ግድግዳ ላይ ለመስቀል የተሠራ ነው፤ ቅኝት አይዝም።

ክራር በሐይቅ — እሁድ ማታ 3፡24

ልክ ነው፣ የጌጥ ክራር አትግዢ። ከመግዛትሽ በፊት አስተማሪው ይቃኘው፤ ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ ቅኝቱ ከወረደ ይቅርባችሁ። ስድስቱም አውታር ላይ ጣቷ ሳይዘረጋ ይድረስ። ትርፍ አውታርም አብረሽ ያዢ፤ በመጀመሪያው ወር አንዱን መበጠሷ አይቀርም።